የራሷ ደንበኛ

እታለም የለውዝ ቅቤ መሥራት የጀመረችው ልክበር ብላ አይደለም። ባለቤቷ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል፣ አንድ ሙሉ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ጣሪያ ሲያይ ማየት ስለሰለቻት ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰውዬ፣ ሥራ ሲያጣ የምድጃውን እሳት፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የጎረቤቱን አረማመድ ሳይቀር ያርም ጀመር። አንድ ቀን ምርር ሲላት የለውዝ መፍጫ ገዝታ አመጣችና እጀታውን አስጨበጠችው። እሷ ትቆላለች፣ ቅርፊቱን አሽታ ታነፍሳለች፤ እሱ ይፈጫል። ቤቱ ሰላም አገኘ፤ ለውዙም ጣፈጠ።

ስሟ እታለም አይደለም። ሚጡ፣ የባሏ ታናሽ እህት፣ ገና በሙሽርነቷ ያወጣችላት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለውና እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ሆነ። ጠርሙሱ ላይ ምን ይጻፍ ሲባልም ሌላ ስም ያሰበ አልነበረም። «እታለም የለውዝ ቅቤ» ተባለ፣ በቀይ ፊደል። በመፍጨቱ የምታግዛቸው ሚጡ ዛሬም ድረስ «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ድርሻዬን አምጡ» እያለች ትነታረካለች፤ ድርሻዋንም ምንም ሳታፍር በማንኪያ ትወስዳለች።

ያኔ ሰፈሩ ሱቅ በሱቅ ነበር። ደላላ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። የጥጉ ባለሱቅ ጠርሙሶቹን ከሚዛኑ አጠገብ ደርድሮ፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ይቺንስ ቀምሰሃታል?» ይላል። ያልቀመሰ ያፍርና ይገዛል። የቀመሰም ያው ይገዛል።

ከዚያ በመንገዱ መጨረሻ ባለው ሕንፃ ሥር ሱፐርማርኬቱ ተከፈተ። በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። የተከፈተ ሰሞን ዘይትና ስኳሩን ባለሱቆቹ ራሳቸው ከሚያመጡበት ዋጋ በታች ይሸጥ ነበር፤ እንዴት አዋጣው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሰፈርተኛው «ዘይት ብቻ ገዝቼ ልመለስ» እያለ ይገባል። ዘይቱ ያለው ግን ከሁሉም ኋላ፣ ጥጉ ላይ ነው። እዚያ እስኪደረስ ብስኩቱ፣ ሳሙናው፣ የፕላስቲክ ሳህኑ፣ ሁሉም «እኔስ?» ይላል። ዘይት ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ማንም በክፋት አላደረገውም። እታለምም ብትሆን ዘይቷን ከዚያው ነበር የምትገዛው፤ በጥጉ ባለሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ፌስታሏን በሻርፗ ትከልላለች እንጂ። አንዱ ሱቅ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ያለው ተከተለ፣ ከዚያ ሌላው። የመጨረሻው ሲዘጋ የዘይቱ ዋጋ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ያኔ ግን ተመልሶ የሚኬድበት ሱቅ አልነበረም። የጥጉ ባለሱቅ ራሱ ዛሬ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ ቦርሳ ይቀበላል። እታለምን ሲያያት «ለውዟ እንዴት ናት?» ይላታል፣ ስለ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው። «ደህና ናት» ትለዋለች።

ሱቆቹ ሲያልቁ እታለም ውስጥ አንድ ነገር ጸጥ አለ። አላለቀሰች፣ አልተራገመችም። የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ እንዲያ ነው፤ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ቢቆነጥጡት ግን አይሰማም። ድሮ አንዲት ፍሬ ለውዝ ምላሷ ላይ አድርጋ መቆላት አለመቆላቱን ትለይ ነበር። አሁን በቀለሙና በመንጣጣቱ ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ምንም አይላትም። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገረዋለች?

ወዴት ትሂድ? ጠርሙሶቿን በካርቶን አድርጋ ሱፐርማርኬቱ ዘንድ ሄደች። የግዢ ኃላፊው ሸሚዙ ያልተጨማደደ፣ አፉ ለስላሳ ወጣት ነው፤ እንቢ ሲል እንኳ እሺ ያለ ይመስላል። ዕቃዋን ተቀበላት። ቦታው ግን ከመደርደሪያው ሁሉ ታች፣ የወለሉ መጥረጊያ የሚነካው ጋ ሆነ።

«ትንሽ ከፍ ቢል አይሻልም?» አለች።

«በዓይን ትይዩ ያለው ቦታ እኮ ይከፈልበታል፣ እትዬ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ናቸው የያዙት። እርስዎ በነፃ ነው ያገኙት» አላት፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። «ደንባችን ደግሞ አንድ ነው። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ይነሳል።»

ወራት አለፉና ደወለላት። «እትዬ፣ ለውዝዎ አልተንቀሳቀሰም። እስከሚቀጥለው ግምገማ እንዲህ ከሆነ ከመደርደሪያው ለማውረድ እንገደዳለን።» ከወለሉ ወዲያ ወዴት እንደሚወርድ አልገባትም፤ አልጠየቀችውምም።

«ለውዙን ሊያነሱት ነው» አለች ለባሏና ለሚጡ ምሳ ላይ፣ ጨው አልቋል በምትልበት ድምፅ።

ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚህ ቤት የሚወጣው ለውዝ ከዚያ መደርደሪያ ከተነሳ ሌላ የሚሄድበት የለም፤ ሦስቱም ያውቁታል። መፍጫው ይቆማል፣ «እታለም» የሚለው ስም ከጠርሙስ ይፋቃል፣ እሱም ወደ ጣሪያው ይመለሳል።

«ማን ገዛው ብለው ይጠይቃሉ?» አለ።

«አይጠይቁም። ምን ያህል ሄደ ነው የሚሉት።»

«በቃ! እኛ እንገዛዋለና!»

ሚጡ ሳቀች። «የገዛ ለውዛችንን?»

«አዎ፣ የገዛ ለውዛችንን። ሰው እስኪለምደው ብቻ። ሰው የሚከተለው ሲሄድ ያየውን ዕቃ ነው።»

«እንዳላችሁ» አለች እታለምና ሳህኖቹን አነሳች።

ባልየው ነገሩን እንደ ዘመቻ ያዘው። ጠዋት በኮፍያ ይሄዳል፣ ከሰዓት ያለ ኮፍያ። አንድ ቀን ጥቁር መነጽር አድርጎ ቢሄድ፣ የጥጉ ባለሱቅ በሩ ላይ «ምነው ጋሼ፣ ዓይንዎን አመመዎ እንዴ?» አለውና ተናዶ አወለቀው። ሚጡ ደግሞ በአንድ እጇ ዘንቢል፣ በሌላው ስልክ ይዛ፣ ማንም ሳይደውልላት «ሃሎ! አዎ፣ እታለም የሚባለውን አይደል ያልሽኝ? እሱማ አለ፣ ሊያልቅ ነው እንጂ!» እያለች በመደርደሪያዎቹ መሃል ትጮሃለች። ከከተማው ሌላ ጫፍ ያሉ ዘመዶች ሳይቀሩ ተጠርተው መጥተው ገዙ።

ታዲያ የራሳቸውን ጠርሙስ ሊገዙ ሄደው የራሳቸውን ብቻ ይዘው የተመለሱበት ቀን የለም። ባልየው የልብስ መስቀያ ያመጣል፣ የማያውቀውን ሻምፖ ያመጣል፤ አንዴም ውሻ ሳይኖራቸው የውሻ ሳህን ይዞ ገባ። «ቅናሽ ነበር» አለ። ከለውዙ የሚገኘው ሁሉ ዞሮ እዚያው ይገባል ማለት ነው። እታለም ይህንን ታያለች፣ ግን ስለ ጎረቤት ቤት የሚወራ ይመስል ከጆሮዋ አያልፍም።

እሷም ስትሄድ ታችኛው መደርደሪያ ጋ ቁጢጥ ትልና ስሟን አንስታ ዘንቢል ውስጥ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀባይዋ ጠርሙሱን እያገላበጠች «ጥሩ ነው አሉ ይሄ» አለቻት። «ይላሉ» አለች እታለም።

ጠርሙሶቹ ከቤት ወጥተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ቁም ሳጥኑ ሞላ፣ አልጋ ሥር ሞላ። ባልየው «ለምን መልሰን አናስረክባቸውም?» ቢል እንቢ አለች። «ሰው የሚበላው ነገር ነው፤ ቀኑ ያልፋል» አለችው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሽንጧን ገትራ የተከራከረችው በዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ በሉት። በዳቦ በሉት፣ በማንኪያ በሉት፣ የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይዘው ሄዱ። ለጎረቤቱ ሁሉ ታደለ። በነፃ ያገኘው ጎረቤት ደግሞ ምን ቆርጦት ይገዛል? ድሮ ይገዛ የነበረውም ተወው። ይህን ያስተዋለችው ሚጡ ነበረች፤ ቀልድ አድርጋ አወራችው፣ ተስቆበት ታለፈ።

ኃላፊው እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት። «ይምጡ እትዬ፣ በስልክ የሚነገር አይደለም» አላት። ባልየው ያለችውን አንዲት ጥሩ ኮት ለብሶ አብሯት ሄደ። መንገዱን ሙሉ «ከፍ ሊያደርጉሽ ነው፣ በዓይን ትይዩ!» እያለ በእጁ ቁመቱን ሲለካላት ነበር።

ቢሮው መስኮት የለውም። ጠረጴዛው ላይ አንድ የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ስቲከሩ አረንጓዴ ነው፣ የተጻፈበትም የሱፐርማርኬቱ ስም።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ኃላፊው። «ከቅርንጫፎቻችን ሁሉ ለውዝ እንዲህ የሚሄደው እዚህ ብቻ ነው። ለካ የዚህ ሰፈር ሰው ለውዝ ወዳድ ኖሯል! ዋናው ቢሮ ይህን ሲያይ የራሳችንን እናውጣ ብሎ ወሰነ።»

ባልየው ሳል ያዘው።

«የራሳችሁን» አለች እታለም።

«በእኛ ስም። ከእርስዎው ረከስ ብሎ በዓይን ትይዩ ይቀመጣል። ሠሪዋ ግን እርስዎ እንዲሆኑ ነው የምንፈልገው፤ ሥራውን ያውቁታል። ካልተመቸዎት ያነጋገርነው ፋብሪካ አለ።»

«የእኔስ?»

«ሁለቱ ባንድ መደርደሪያ ከሆኑ ይሻማሉ። የእርስዎን እናነሳዋለን» አለ፣ በዚያችው ለስላሳ አፉ። «አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሚሠሩት እርስዎ መሆንዎን ለማንም መናገር አይቻልም። ከተሰማ ውሉ ይፈርሳል። ደንበኛ ይደናገራል፣ ይገባዎታል።»

«ለእህቴስ? አብራን እኮ ነው የምትፈጨው» አለ ባልየው። ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

እታለም ንዴት ፈለገች። እዚህ ጋ መናደድ ነበረብኝ ብላ አሰበችና እንደ ጠፋ ቁልፍ በየኪሷ ዳበሰችው፤ የለም። እንቢ ብትል ለውዙ በሌላ ሰው እጅ ይሠራል፣ የእሷም ያው መነሳቱ አይቀርም። እሺ ብትል ቢያንስ መፍጫው ይዞራል። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። ፊርማዋ ላይ ያለው መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ነው፤ እታለም የሚል የለበትም።

ባልየው ውጭ ሲወጡ መንገዱ ዳር ቆመ። «እኛ ነን» አለ። «ሌላ ሰው እኮ አልገዛም። እኔና ሚጡ ነን የገዛነው። ለውዝ ወዳድ የሚሉት እኔን ነው!» ያ በለቅሶ የማይታማ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እታለም የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። «ና እንሂድ፣ ለውዙን ሳልቆላው ነው የመጣሁት» አለችው።

አረንጓዴው ስቲከር በጥቅል በጥቅል መጣ። ምድጃው ያው ነው፣ መፍጫው ያው ነው፣ የሚያሹት እጆችም ያው። ባልየው ለእልህ ስቲከሩን እያጣመመ ሲለጥፍ ዕቃው ተመላሽ ሆነና ልጦ እንደገና ለጠፈ። ባለቀይ ጽሑፎቹ ከአልጋ ሥር ተበልተው አለቁ። አንድ ቀን ሚጡ ከሱፐርማርኬቱ ባለአረንጓዴውን ገዝታ መጣች፤ እንዴት እንደሆነ ልየው ብላ ነው። ጣቷን ነክራ ቀመሰችና እንደገና ነከረች።

«እታለም፣ አትቀየሚኝና» አለች፣ «ይሄ የነሱ ሳይሻል አይቀርም።»

«አንቺ!» አለ ወንድሟ። «ራስሽ አይደለሽ እንዴ የፈጨሽው!»

ሚጡ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሦስቱም ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እታለምም ሳቀች፣ ሳቁ ግን ከአፏ አልፎ ወደ ውስጥ አልገባም። «ይሻል ይሆናል» አለች።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ዘይት ልትገዛ ገብታ በለውዙ በኩል ስታልፍ፣ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተንበርክከው ታችኛውን መደርደሪያ በእጃቸው ሲዳብሱ አገኘች። ኮታቸው የተተኮሰ ነው። ዘንቢላቸው ውስጥ አንድ ዳቦና አንድ ሳሙና ብቻ አለ። ከሰፈሩ ሰው አይደሉም፤ አይታቸው አታውቅም። ጥቂት እልፍ ብሎ አንዲት የሱፐርማርኬቱ ሠራተኛ ጣሳ ትደረድራለች። እታለም ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው።

«ምን ጠፋዎት፣ አባቴ?»

«ተባረኪ ልጄ። መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው። እታለም የምትባል የለውዝ ቅቤ እዚህ ታች ትሆን ነበር፤ ቀይ ጽሑፍ ያለባት።»

እታለም ክንዳቸውን እንደያዘች ቀረች። ዘመድ ይሆኑ እንዴ ብላ ፊታቸውን አየች። «ማን ነግሮዎት ነው?» አለች።

«ማን ይነግረኛል? ሳሙና ከእጄ አምልጦኝ ላነሳ ጎንበስ ስል አየኋት። ገዝቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ከሷ ሌላ እንቢ አለች። ሕመም ላይ ናት፤ ሆዷ ውስጥ የሚረጋላት እሷ ብቻ ናት። ለሷ ብዬ ነው በአውቶቡስ እዚህ ድረስ የምመጣው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ አንድ ሰሞን ጠፋች። በመጣሁ ቁጥር መደርደሪያው ባዶ! ማን እንደሚያግበሰብሳት እንጃ። አንድ ቀንማ አንድ ሰውዬ የመጨረሻዎቹን ከፊቴ ላጥ አድርጎ አነሳቸው። ‹ወንድሜ፣ አንዷን ተውልኝ፣ ለበሽተኛ ነው› ብዬ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ሄደ። አሁን ጭራሽ የለችም።»

እታለም ከመሃለኛው መደርደሪያ ባለአረንጓዴውን አወረደች። «ይቺን ይውሰዱላቸው» አለች። «ያው ናት።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩትና መለሱላት። «ያው ነው ሁሌም የሚሉት። አይ፣ ይሄ የፋብሪካ ነው። ያቺን የምትሠራት ሴትዮ እጇ ይጣፍጣል፣ ሲበሉት ይታወቃል።» ቀና ብለው አዩዋት። «የዚህ ሰፈር ሰው ነሽ? ታውቂያት ይሆን? ምነው ተወችው? ታማ ነው?»

ያኔ አመማት። ሱቆቹ ከተዘጉ ጀምሮ አልሰማ ብሏት የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣ። ደንበኛ ነበራት። ማንም ያልላከው፣ በአውቶቡስ የሚመጣ ደንበኛ፤ ከእጁ የነጠቁትም እነሱ ናቸው። ‹እኔ ነኝ፣ ይምጡ ቤት ልስጥዎት› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጣሳ የምትደረድረው ሠራተኛ እጇን ገታ አድርጋ ወደነሱ ዞራለች። ያ ቃል ከወጣ አረንጓዴውም ይቀራል፣ መፍጫውም ይቆማል።

«አላውቃትም» አለች።

«እንግዲህ ሰፈርተኛ ነሽና አንድ ቀን ታገኚያት ይሆናል» አሉ ሽማግሌው ዘንቢላቸውን እያነሱ። «ካገኘሻት፣ አንድ ሽማግሌ ‹እጅሽ ይባረክ› ብሎሻል በያት።»

«እሺ አባቴ» አለች እታለም። «ካገኘኋት እነግራታለሁ።»